የትካዜ መድኃኒቶች ጠባይ

አንድ ባለ ቤት ወደ ቤቱ ሠራተኛ ሲያስገባ የሚጠይቀው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው ሙያው ምን እንደ ሆነ ነው፤ ሁለተኛው ጠባዩ እንዴት እንደ ሆነ ነው። ሙያ ያለው ሰው ሁሉ ጠባዩ ለሁሉ ቤት የሚስማማ አይደለም፤ በአንዱ ቤት ያልተወደደው በሌላው ቤት የተመሰገነ ይሆናል። መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ወደ ሰውነታችን የምናስገባው መድኃኒት የሚያድንበት ሙያ አለው፤ ከሙያውም ጋር አብሮ የሚመጣ ጠባይ አለው። ይህንንም ጠባይ ሐኪሞች የጐንዮሽ ጕዳት ይሉታል። ሙያውን ብቻ ሰምቶ ጠባዩን ሳይጠይቅ መድኃኒት የተቀበለ ሰው ጠባዩ በታየ ቀን ይደነግጣል፤ ደንግጦም መድኃኒቱን ይጥላል። ዛሬ በዚህ ገጽ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው ስለ ትካዜ ሕመም መድኃኒቶች ጠባይ ነው።

ለዚህ ጉዳይ ያነሣሣን ከዲላ ከተማ የደረሰን አንድ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉ ሰው ናቸው። ባለ ቤታቸው እናታቸው ካረፉ ዓመት አልፎም ኀዘኑ ሳይለቃቸው ቀረ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንቅልፍ ይሸሻቸዋል፤ ምግብ አይጥማቸውም፤ ጐረቤት ለቡና ሲጠራቸው አይሄዱም፤ በጓሯቸው ያለውን እንሰት የሚፍቁበት ጕልበት አጡ። በመጨረሻም «እኔ ለዚህ ቤት ሸክም ሆኛለሁ» ማለት ጀመሩ። ባለ ቤታቸውም ይህን ቃል በሰሙ ጊዜ ደንግጠው ወደ ሐኪም ወሰዷቸው፤ ሐኪሙም አሚትሪፕቲሊን የተባለውን ክኒን አዘዘላቸው።

መድኃኒቱ በተጀመረ በሳምንቱ የወይዘሮዋ አፍ ደረቀ፤ ሆዳቸው ደረቀ፤ ከመኝታ ሲነሡ ራሳቸውን ያዞራቸው፣ ቀንም ያንቀላፋቸው ጀመር። በአጥር የሚዋሰኗቸው ጐረቤት ደግሞ የጭነት መኪና ሾፌር የሆነ ጐልማሳ ነው፤ እርሱም ለዚሁ ሕመም ፍሎክሰቲን የተባለ መድኃኒት ይውጣል። የእርሱ ችግር ሌላ ነው፤ ሆዱን ያቅለሸልሸዋል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሌሊቱን ዐይኑን ሳይከድን ያነጋል። ሁለቱ አንድ ቀን በአጥር ላይ ሲነጋገሩ «እትዬ፣ የእርስዎ ያስተኛል፤ የእኔ ያነቃል፤ ለምን አንለዋወጥም?» አላቸው። እርሳቸውም «እውነትህን ነው ልጄ» ብለው ተለዋወጡ።

በሦስተኛው ቀን ሾፌሩ ከይርጋ ጨፌ ቡና ጭኖ ወደ ዲላ ሲመለስ ወናጎ አጠገብ ዐይኑ ተከደነ፤ ልቡም ከደረቱ የሚወጣ እስኪመስል ድረስ መታ። እንደ ምንም ብሎ መኪናውን ከመንገድ ዳር አቆመ። በሰው ላይም በንብረትም ላይ የደረሰ ጕዳት የለም። ደብዳቤውን የጻፉልን ሰው ነገሩን የሰሙት በዚያ ማታ ነው፤ ጥያቄያቸውም «ከሁለቱ መድኃኒቶች የሚሻለው የትኛው ነው?» የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ መልካም ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን አንድ ቃል ጐድሎታል። የጐደለውም ቃል «ለማን?» የሚለው ነው። ይህን ለመግለጥ ነገሩን ከሥሩ ብንጀምር ይሻላል።

ትካዜ ሁሉ ሕመም አይደለም። ሰው ወዳጁን ሲቀብር ያዝናል፤ ኀዘኑም በዘመድና በወዳጅ መካከል እያደር ይቀላል፤ ለእንዲህ ያለው ኀዘን ክኒን አያሻውም። ነገር ግን ትካዜው ከሁለት ሳምንት የበለጠ ሳያቋርጥ ሲቈይ፣ እንቅልፍንና ምግብን ሲነሣ፣ ከሥራና ከሰው ሲለይ፣ ሞትንም ሲያስመኝ፣ ሐኪሞች በዛሬው ዘመን ድባቴ ብለው የሚጠሩት ሕመም ሆኗል። ይህ ሕመም የስንፍና ወይም የእምነት ማነስ ምልክት አይደለም፤ ጨዋውንም ባላገሩንም፣ ሊቁንም ያልተማረውንም ይይዛል።

የጌዴኦ አገር ለዓይን ያማረ አገር ነው። በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንሰትና ቡና ተስማምተው የሚያድጉበት ተዳፋት በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ተጽፏል። ነገር ግን ልምላሜ ከትካዜ አያድንም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ከስምንት መቶ ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ከቀየው ተፈናቅሎ በትምህርት ቤቶችና በመጠለያዎች ሰፍሮ ነበር። የዚያ ዘመን ድንጋጤ በብዙዎች ልብ ላይ ጥሎት ያለፈውን ጠባሳ ሊቃውንት መርምረው አሳትመውታል።

ሕክምናውም በቀድሞ ዘመን ሩቅ ነበር። ለብዙ ዓመት በአገራችን የአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ሲባል በአዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ስለ ነበረ፣ የዲላ ሰው በሽተኛውን ይዞ 360 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ነበረበት። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1987 የአእምሮ ሕመም ነርሶችን ማሠልጠን ተጀመረ፤ በ2003 ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሕክምና ልዩ ሐኪሞችን ማስተማር ተጀመረ። ዛሬ በዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሕክምናው ይገኛል። እንግዲህ መድኃኒቱ ወደ ደጃችን ስለ ቀረበ ጠባዩን ማወቅ የየቤቱ ግዴታ ሆኗል።

የትካዜ መድኃኒት የተገኘው ሳይታሰብ ነው። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1952 በአሜሪካ አገር ለሳንባ ነቀርሳ በሽተኞች ኢፕሮኒያዚድ የተባለ መድኃኒት በተሰጠ ጊዜ፣ ሳንባቸው ገና ሳይድን ልባቸው ደስ እንደሚለው ታየ። በ1957 ደግሞ ሮላንድ ኩን የተባለው የስዊስ ሐኪም ለሌላ የአእምሮ ሕመም የሞከረው ኢሚፕራሚን ለትካዜ እንደሚረዳ ገለጠ። ከእርሱ ቀጥሎ አሚትሪፕቲሊን በ1961 በአሜሪካ ተፈቀደ። ፍሎክሰቲን በ1987 መጨረሻ ተከተለ፤ ሰርትራሊንም በ1991 መጣ። አሚትሪፕቲሊንና ፍሎክሰቲን የዓለም ጤና ድርጅት ለየአገሩ መሠረታውያን ብሎ በመዘገባቸው መድኃኒቶች መካከል ስለሚገኙ፣ ከትልቅ ከተማ ርቀው ባሉ ጤና ጣቢያዎች አብዝተው የሚታወቁት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

አሁን ጠባያቸውን በየተራ እንመልከት።

አእምሯችን ሥራውን የሚሠራው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል መልእክት በሚያደርሱ ረቂቅ ነገሮች ነው። ከእነዚህም መልእክተኞች መካከል ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉት ከልብ ደስታና ከትካዜ ጋር የተያያዘ ሥራ አላቸው። የትካዜ መድኃኒቶች እነዚህ መልእክተኞች ሥራቸውን ሳይፈጽሙ ቶሎ ተጠራርገው እንዳይመለሱ ያደርጋሉ። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፤ አሚትሪፕቲሊን የተላከበትን በር ብቻ ሳይሆን የጐረቤቱንም በር ሁሉ የሚያንኳኳ ነው። ምራቅን፣ የአንጀትን እንቅስቃሴ፣ ሽንትንና የዐይንን አጠራር የሚያዝዘውን መልእክተኛ ሥራ ይከለክላል፤ ስለዚህ አፍ ይደርቃል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ሽንት ይዘገያል፣ ጽሑፍ በቅርብ ሲያነቡት ይደበዝዛል። ንቃትን የሚጠብቀውንም ስለሚከለክል ያስተኛል፤ የምግብ ፍላጎትን ጨምሮ ያወፍራል። የደም ሥርን የሚያጠብቀውን ሥራ ስለሚያላላም ሰው ከተኛበት ድንገት ሲነሣ ራሱን ያዞረዋል።

እንግዲህ የዲላዋ ወይዘሮ ያገኛቸው ሁሉ ከዚህ የተነሣ ነው። መድኃኒቱ አልመረዛቸውም፤ ሌሎቹን በሮች አንኳኳ እንጂ። ይህም ጠባዩ ለሁሉ ሰው ጕዳት አይደለም። እንቅልፍ ላጣና ሰውነቱ ለከሳ በሽተኛ ማታ የሚወሰደው አሚትሪፕቲሊን እንቅልፉንም ምግቡንም ይመልስለታል። የነርቭ ሕመም ላለበት ወይም ራስ ምታት ለሚመላለስበት ሰውም በተጨማሪ ይረዳል። ነገር ግን የልብ ሕመም ላለበት፣ የሽንት እጢ ላበጠበት ሽማግሌ፣ አንድ ዐይነት የዐይን ግፊት በሽታ ላለበት፣ መኪና ለሚነዳ፣ በተዳፋት ላይ ጐንበስ ቀና እያለ ቡና ለሚለቅም ሰው ጠባዩ ከባድ ነው። ከሁሉ ይልቅ መታወቅ ያለበት፣ አሚትሪፕቲሊን ከታዘዘው በላይ ከተወሰደ የልብን አመታት አዛብቶ ሊገድል ይችላል። ለጥቂት ሳምንት የተሰጠው ክኒን በአንድ ጊዜ ቢዋጥ ሰው ይጠፋል። ስለዚህ ይህ መድኃኒት ባለበት ቤት ሣጥኑ ይቈለፍ፤ ቍልፉም ከጤነኛ ሰው እጅ አይለይ።

ፍሎክሰቲን ግን የሚያንኳኳው በር ጥቂት ነው፤ ዋናው ሥራው በሴሮቶኒን ላይ ነው። ስለዚህ አፍንና ሆድን እምብዛም አያደርቅም፤ ከመጠን በላይ ቢዋጥም እንደ አሚትሪፕቲሊን በቶሎ የሚገድል አይደለም። ነገር ግን ከሰውነታችን ሴሮቶኒን የሚበዛው በአንጀት ውስጥ ስለሚገኝ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያቅለሸልሻል፤ ራስ ያማል፤ ሰውን ያቁነጠንጣል፤ እንቅልፍ ይነሣል፤ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ላብ ያበዛል። ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ መንሣቱ ይብሳል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው በጧት ነው። ይኸው ጠባዩ ቀኑን ሙሉ በመኝታ ለሚውል፣ ሰውነቱ ለከበደበትና ለፈዘዘ በሽተኛ ግን ይስማማዋል።

ሰርትራሊን የፍሎክሰቲን ወንድም ነው፤ ጠባዩም ይመሳሰላል፤ ነገር ግን ሆድን ማላላት ይቀናዋል። ለሚያጠቡ እናቶች ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው ጥቂት ስለ ሆነ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ይመርጡታል። ከዚያው ወገን የሆነው ፓሮክሰቲን ድንገት ሲያቋርጡት የሚያመጣው ማዞርና መቁነጥነጥ ይበረታል፤ ፍሎክሰቲን ግን ከሰውነት የሚወጣው በዝግታ ስለ ሆነ ሲተዉት እምብዛም አያውክም። ሚርታዛፒን የተባለው ደግሞ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፤ ቬንላፋክሲን የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ይችላል።

እዚህ ላይ በብዙ ቤት በኀፍረት የሚሸፈን አንድ ነገር አለ። የፍሎክሰቲን ወገን የሆኑት መድኃኒቶች ሁሉ፣ አሚትሪፕቲሊንም ጭምር፣ በባልና ሚስት ግንኙነት ላይ ፍላጎትን ሊቀንሱ ወይም ፍጻሜውን ሊያዘገዩ ይችላሉ። ብዙ ሰው ይህን ለሐኪም መናገር ስለሚያፍር ምክንያቱን ሳይገልጥ መድኃኒቱን ይተዋል፤ ትዳሩም ያለ በደሉ ይታማል። ክቡራን አንባቢዎቻችን ይህ የሰውየው ወይም የሚስቲቱ ፍቅር መጥፋት ሳይሆን የመድኃኒት ጠባይ መሆኑን ይወቁት፤ መጠኑን በመቀነስ ወይም መድኃኒቱን በመለወጥ የሚታረምም ነው።

ከሁለቱ የትኛው ይበረታል ለሚለው፣ በፈረንጅ አቈጣጠር በ2018 ታላቅ ምርመራ ታትሟል። አንድሪያ ቺፕሪያኒ የተባሉት ሐኪምና ጓደኞቻቸው 21 የትካዜ መድኃኒቶች የተፈተኑባቸውን 522 ሙከራዎች ሰብስበው መረመሩ፤ በሙከራዎቹም ውስጥ የገቡት በሽተኞች 116,477 ነበሩ። ሁሉም መድኃኒቶች ከባዶ ክኒን የተሻሉ ሆነው ተገኙ። በኀይል በኩል አሚትሪፕቲሊን ከሁሉ ፊት ሆነ፤ ነገር ግን በጐንዮሽ ጕዳቱ ምክንያት ብዙ ሰው ይተወዋል። ፍሎክሰቲን በኀይል ከእርሱ ዝቅ ያለ ሆነ፤ ነገር ግን ሰዎች ሳይተዉት ከሚጸኑባቸው መድኃኒቶች አንዱ ሆነ። እንግዲህ ብርቱ የሆነው መድኃኒት ቢጣል፣ በኀይል ዝቅ ያለው ግን ቢጸኑበት፣ የሚያድነው የጸኑበት ነው። የመድኃኒት ጥቅም በክኒኑ ብቻ ሳይሆን በሚውጠው ሰው መታገሥም የሚለካ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ለመታገሥም ጊዜውን ማወቅ ይጠቅማል። የእነዚህ መድኃኒቶች ነገር እንደ ዕዳ ነው፤ አስቀድሞ ይከፈላል፣ ጥቅሙ ኋላ ይመጣል። አፍ መድረቅና ማቅለሽለሽ በመጀመሪያው ቀን ሊጀምሩ ይችላሉ፤ የልብ መቅለል ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ይጀምራል፤ በሙሉ የሚታወቀውም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሲደርስ ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት በሽተኛው ሁለት ጊዜ ታሞ ይታያል፤ በትካዜውም በመድኃኒቱም። ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚጥለው በዚህ ሳምንት ነው፤ ሊድን ሲቃረብ ማለት ነው። ማቅለሽለሹ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ይቀንሳል። ልቡ ከቀለለም በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ ሁለት ወር እንዲቀጥል ይመክራል፤ ሲተዉትም በአንድ ቀን ሳይሆን ቢያንስ በአራት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ እየቀነሱ ነው።

አሁን ወደ ተለዋወጡት ጐረቤታሞች እንመለስ። አንድ መድኃኒት ሲተዉት በዚያው ቀን ከሰውነት አይወጣም። ፍሎክሰቲን ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሳምንት ያህል ሊፈጅ ይችላል። በዚያም ጊዜ ሁሉ ጉበት አሚትሪፕቲሊንን የሚያስወግድበትን መንገድ ያጠብባል። ስለዚህ ሾፌሩ የዋጠው አንድ ክኒን በእርሱ ሰውነት ውስጥ ከአንድ ክኒን በላይ ሆነ፤ እንቅልፉም የልቡም አመታት የመጣው ከዚህ ነው። ወይዘሮዋም በደማቸው ውስጥ የቀረው አሚትሪፕቲሊን በላዩ ፍሎክሰቲን ተጨምሮበት ነበር። ሁለቱም የወሰዱት የጐረቤታቸውን መድኃኒት ብቻ መስሏቸው ነበር፤ የወሰዱት ግን ሁለቱን በአንድነት ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ይቻላል፤ ነገር ግን ድልድዩን የሚሠራው ሐኪም ነው።

በዚያ አገር መጠንቀቅ የሚገባ ሌላም ነገር አለ። በጌዴኦ ቈላማ ቀበሌዎች ወባ ይገባል። ኮአርተም በተባለው የወባ መድኃኒት ውስጥ ያለው ሉመፋንትሪን ከአሚትሪፕቲሊንና ከኢሚፕራሚን ጋር እንዳይገናኝ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። ስለዚህ ወባ የያዘው ሰው ሕክምናውን ሳያዘገይ፣ የትካዜ መድኃኒት እንደሚወስድ ግን አስቀድሞ ለጤና ሠራተኛው ይናገር። ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻ ከፍሎክሰቲን ወገን ጋር ሲገናኝ ትኵሳት፣ መንቀጥቀጥና የአእምሮ መታወክ ሊያመጣ ይችላል። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ከዚሁ ወገን ጋር ሲሆኑ የጨጓራ መድማትን ያበዛሉ። ጠላና አረቄ ከአሚትሪፕቲሊን ጋር እንቅልፍን እጥፍ ያደርጋሉ። ጫት ደግሞ ልብን ስለሚያስቸኩልና እንቅልፍ ስለሚነሣ ለሁለቱም አይስማማም።

ቡናስ? የይርጋ ጨፌን ሰው ቡና ተው ማለት አይገባም፤ ቡና መድኃኒቱን አያጠፋምና። ነገር ግን ፍሎክሰቲን እንቅልፍ የነሣው ሰው ከቀትር በኋላ ሦስተኛውን ስኒ ሲጨምር ጥፋቱን ሁሉ በመድኃኒቱ ላይ ባያላክክ መልካም ነው። ፍሉቮክሳሚን የተባለው መድኃኒት ግን በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ከሰውነት እንዳይወጣ እጅግ ስለሚያዘገይ፣ እርሱን የሚወስድ ሰው ቡናውን በእርግጥ መቀነስ አለበት።

በቤተ ሰብ ዘንድ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻቸውም አሉ። ዕድሜያቸው ከሃያ አምስት ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የመጕዳት ሐሳብ ሊበረታባቸው ስለሚችል ብቻቸውን ባይተዉ ይገባል። ሽማግሌዎች የፍሎክሰቲንን ወገን ሲወስዱ በደማቸው ውስጥ ያለው ጨው ሊቀንስ ይችላል፤ ድካምና መዘባረቅ ከታየባቸው በቶሎ ይመርመሩ። ነፍሰ ጡር ሴት ሐኪም ሳታማክር አትጀምርም፤ የጀመረችውንም በገዛ እጇ አትተውም። ትክዝ ያለው ሰው መድኃኒቱን ጀምሮ እንቅልፍ ሳያሻው ቢውል ቢያድር፣ ንግግሩ ቢበዛ፣ ገንዘቡን ቢበትን፣ ይህ መዳን አይደለም፤ ሌላ ዐይነት ሕመም ስለ ሆነ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰድ። ወደ ጠበል ወይም ወደ ጸሎት ቤት የሚሄድ በሽተኛም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ ጸሎት ክኒን ጣል አይልምና።

የቤት ጌቶችና የመሥሪያ ቤት አለቆች በዚህ ነገር ትልቅ ድርሻ አላችሁ። በእጃችሁ ሥር ያለ ጸሐፊ ወይም ሾፌር በሥራ ሰዓት ቢያንቀላፋ፣ ከመቅጣታችሁ በፊት አዲስ መድኃኒት ጀምሮ እንደ ሆነ በጐን ጠርታችሁ ጠይቁት፤ መኪና የሚነዳውንም ሰውነቱ መድኃኒቱን እስኪለምድ ድረስ ወደ ሌላ ሥራ አዛውሩት። በቤታችሁም ታማሚው ወደ ሐኪም ሲሄድ አብራችሁ ሂዱና አራት ነገር ጠይቁ፤ መድኃኒቱ በምን ሰዓት ይወሰዳል? በመጀመሪያው ወር ምን ያስቸግራል? የትኛው ችግር ሲታይ ሳይውል ሳያድር መመለስ ያሻል? ከምንስ ጋር አይገናኝም? መልሱን በወረቀት ጻፉት። አፍ ለደረቀ ሰው ውሃ በአጠገቡ ይቀመጥ፤ ሆድ ለደረቀ ጐመንና ፍራፍሬ ይብዛለት፤ ራሱን የሚያዞረው ከመኝታው ላይ ጥቂት ተቀምጦ ይነሣ። ነገር ግን ልብ አለቅጥ ቢመታ፣ ሽንት ቢዘጋ፣ ሰውነት ቢንቀጠቀጥና ቢተኵስ፣ ወይም ታማሚው ስለ ሞት ቢናገር በቤት ምክር አይጠበቅም።

ይህን ሁሉ ለደብዳቤው ጸሐፊ ከመለስንላቸው በኋላ ሁለተኛ ደብዳቤ ልከውልናል። ሁለቱንም ጐረቤታሞች ራሳቸው ይዘው ወደ ሐኪም ሄደዋል። ሐኪሙም ሾፌሩን «በስንት ሰዓት ትውጠዋለህ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ማታ ሲተኛ እንደሚውጠው ተናገረ፤ በጧት መሆኑን አስቀድሞ የነገረው ሰው አልነበረም። ሰዓቱ ወደ ጧት ዞረ፤ ከቀትር በኋላ ያለው ቡናም ቀረ፤ እስኪረጋም ድረስ መሪ እንዳይጨብጥ ታዘዘ። የወይዘሮዋ መጠን ዝቅ ብሎ እንደ ገና ቀስ በቀስ ከፍ አለ፤ የሚወስዱበትም ሰዓት ከመኝታ ወደ ራት ጊዜ ቀረበ። አፋቸው ዛሬም ትንሽ ይደርቃል፤ ባለ ቤታቸው እንደ ጻፉልን የውሃ ኩባያቸውን ከአጠገባቸው አይለዩትም። ነገር ግን በስድስተኛው ሳምንት ጐረቤት ለቡና ሲጠራቸው ሄደዋል፤ ሸክም ነኝ የሚለውንም ቃል ከዚያ ወዲህ አልሰሙትም።

እንግዲህ «የሚሻለው የትኛው ነው?» ለሚለው መልሳችን ይህ ነው። ከሁለቱ የሚሻለው፣ ጠባዩ ለታማሚው ሰውነትና ለሥራው የተስማማው፣ ችግሩም ለሐኪም የተነገረለት ነው። የተደበቀ ጠባይ ቤት ያፈርሳል፤ የተነገረ ግን ይታረማል። ጤናና ሰላም ለየቤታችሁ እንዲሆን እንመኛለን።